ዜሮ እና ባዶ አንድ አይደሉም

የአየር ንብረት ለውጥና ወባ አብረው ሲነሱ የምንሰማው አንድ ነገር ነው። «ሙቀቱ ጨመረ፣ ወባውም ወደ ደጋ ወጣ» ይባላል። ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማወቅ የሕክምና ሰው ብቻውን አይበቃም። የአየር ትንበያ ባለሙያም ብቻውን አይዘልቀውም።

እውነት ከሆነው ግማሽ እንጀምር። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ የሚያድግበት ፍጥነት በአየሩ ሙቀት ይወሰናል። ገዳዩ ዓይነት ፋልሲፓረም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል። በ20 ዲግሪ ግን አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። አብዛኞቹ ትንኞች ደግሞ ያን ያህል ዕድሜ የላቸውም። ደገኛውን ሲጠብቀው የኖረው ብርዱ ነው ማለት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ በደብረ ዘይት ዙሪያና በኮሎምቢያ ደጋማ ቦታዎች አሳይቷል። ሞቃት ዓመት ሲመጣ ወባው ከፍ ወዳሉት መንደሮች ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወርዳል። ከተመራማሪዎቹ አንዷ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምህዳር ምሁር መርሴዲስ ፓስኳል ነበሩ። ሐኪም አይደሉም። የደብረ ዘይቱ ሥራ የቆመው ግን ከ1993 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በተያዘ የሕሙማን መዝገብ ላይ ነው። ያንን መዝገብ በትዕግሥት የሞላ ሰው ባይኖር ጥናቱም አይኖርም ነበር።

ወደ አማራ ክልል እንምጣ። «ኤፒዴሚያ» በተባለ ፕሮጀክት የሳውዝ ዳኮታ ስቴት፣ ኋላም የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊና የኮምፒውተር ሰዎች ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ከክልሉ ጤና ባለሙያዎች ጋር ተጣመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሳተላይት የዝናቡን፣ የሙቀቱንና የልምላሜውን መረጃ ያመጣል። ወረዳዎች ሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ይልካሉ። ሁለቱ ተገናኝተው ወረርሽኝ ከመነሳቱ በፊት ያስጠነቅቃሉ። ለወባ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በሽታው ሲበረታ መድኃኒቱና መመርመሪያው ቀድሞ መድረስ አለበት።

እኔ የምጨቃጨቅበት ግን የዚህ ዓይነት ሥራ ሁሉ የሚያርፍበት ሳምንታዊ ሪፖርት ነው። ጤና ኬላው ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጸጥታ ችግር ከቀበሌው ስትወጣ ሪፖርቱ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው ባዶ ቦታ ነው። ባዶውን እንደ ዜሮ የቆጠረ ሰው «ወባ ቀነሰ» ብሎ ግራፍ ይሠራል። እዚያ ወረዳ ግን ሰው ያለ መድኃኒት እየታመመ ይሆናል። ልዩነቱን ሳተላይት አያውቀውም። የሚያውቀው ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያለው የመረጃ ሠራተኛ ነው። በጥናት ቡድኖች ውስጥ እሱ ብዙ ጊዜ «መረጃ ሰብሳቢ» ነው፤ አበሉን ተቀብሎ ይሰናበታል። በእኔ እምነት እሱ ከስታቲስቲክስ ምሁሩ እኩል የቡድኑ አባል መሆን አለበት። ስሙም ጽሑፉ ላይ ይግባ።

ሌላም ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ይህን ሁሉ በሙቀት ማሳበብ ይቀላል፤ ለባለሥልጣንም ይመቻል፤ ሰማዩን ማን ይከሳል? ግን ጦርነት አለ፤ መድኃኒት የሚቋቋም ተውሳክ አለ፤ ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገው ፕሮቲን የሌለው ተውሳክም አለ። እሱ የያዘው ሰው ተመርምሮ «ነፃ ነህ» ይባላል። ይህን የሚያውቀው የላብራቶሪ ሰው እንጂ የአየር ትንበያ ባለሙያው አይደለም።

ድሬዳዋንም እንይ። በ2022 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ የመጣው በበጋ ነው። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝ ነች። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ነው። ይህች የከተማ ትንኝ ናት። ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ጉድጓድ ይበቃታል። ዝናብ ቆሞ ቧንቧ ሲደርቅ ሰው ውሃ ያጠራቅማል፤ እሷም እዚያው ትፈለፈላለች። እንግዲህ በዝናብ ብቻ የተሠራ ትንበያ እዚህ ምን ይረዳል? ቡድኑ ውስጥ የነፍሳት ተመራማሪም፣ የከተማው ውሃና ፍሳሽ ሰውም ያስፈልጋሉ። የውሃና ፍሳሹ ሰው ግን ወደ ስብሰባ ሲጠራ አይቼ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን ለዚህ አልተመቹም። መምህሩ በማዕረግ የሚያድገው በአብዛኛው በራሱ ሙያ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ነው። በየሳምንቱ ለጤና ቢሮ የሚላክ የሁለት ገጽ ማስጠንቀቂያ ለዕድገት እምብዛም አይቆጠርለትም። ይቆጠርለት። የትንበያው ሥራ ደግሞ በክልሉ ጤና ቢሮ መደበኛ በጀት ውስጥ ይግባ። አሁን ያለው አካሄድ ይታወቃል፤ ከውጭ ፈንድ ይመጣል፤ ጥቂት ዓመት ይሠራል፤ በሆቴል የመዝጊያ ወርክሾፕ ይደረጋል፤ ሰው ይበተናል። ፈንዱ ካለቀ በኋላ ሰርቨሩን ማን ይከፍላል፣ ሪፖርቱን ማን ይፈትሻል የሚለው ጥያቄ መነሳት ያለበት በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነው። ያለ መልስ ውሉ ባይፈረም እመርጣለሁ።