ለ«ሕንፃ አያስተምርም» ባዮች የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጇን አውጥታ «ልጆቹ ጂም የሚኖራቸው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከቦርዱ ወንበር አንድ ሰውዬ ብድግ አሉ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ «እህቴ፣ ሕንፃ አያስተምርም! የሚያስተምረው መምህር ነው» ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባው ቀለጠ። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ልጁን ቻርተር ትምህርት ቤት፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ እየተማረ በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ትምህርት ቤት፣ የሚልክ ሁሉ ይቺን ጭብጨባ ያውቃታል።

አጨብጫቢዎቹ እስከ ዛሬ የሚገባቸውን ምስጋና አለማግኘታቸው ነውር ነውና እነሆ።

ትምህርት ቤቱ ድሮ ሱፐርማርኬት ነበር። አንደኛ ክፍሎች ከሚማሩበት ክፍል ጣሪያ ላይ «ረድፍ 7» የሚል ሰሌዳ አሁንም ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ደብዘዝ ብሎ «ፓስታ፣ ሩዝ፣ የታሸገ ባቄላ» ይላል። በራሱ የሚከፈተው የመስታወት በር ልጅ ባለፈ ቁጥር ይበረገዳል፤ ብርዱም ሰተት ብሎ ይገባል። ምንጣፉ ላይ በፕላስተር የቅርጫት ኳስ ሜዳ ተሠርቷል፤ ቅርጫቱ ብቻ ነው የጎደለው። ይህን ሁሉ አይቶ «ፈጠራ!» ብሎ ማድነቅ የተለየ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ከአድናቂዎቹ መካከል የእኛዎቹም አሉ። «እኛ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን ተምረን ነው እዚህ የደረስነው» የሚሉት ጋሼ። እውነት ነው ጋሼ። ዋርካው ግን የሚኒሶታን ጥር አላየም፤ ኪራይም አልተጠየቀበትም።

የአገሩን የመጀመሪያ የቻርተር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው ይህችው ግዛት ናት፤ በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሴንት ፖል ውስጥ ተከፈተ። ሕዝቡን ጠርቶ ድንኳን መጣሉን የረሳ ደጋሽ አይታችኋል? ቻርተሩ መደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እንደሚያስተዳድረው የትምህርት ወረዳ የንብረት ግብር መጣል አይችልም፤ በስቴቱ ገንዘብም ሕንፃ መግዛት አይፈቀድለትም። የሚሰጠው የኪራይ ድጎማ ነው፦ በሕጉ ስሌት በአንድ ተማሪ 1,314 ዶላር፣ ወይም ከኪራዩ 90 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው። ኪራይ በየዓመቱ ሲወጣ ያቺ 1,314 ግን ለዓመታት ንቅንቅ አላለችም። ድጎማ መኖሩን የሰሙ አንዳንድ አከራዮችማ የኪራዩን ልክ ከሕጉ ላይ አንብበው ነው የሚተምኑት።

ሕንፃ የግድ ካስፈለገ ብልሃት አለ። ትምህርት ቤቱ መስፈርት ሲያሟላ ለትርፍ ያልቆመች እህት ድርጅት ያቋቁማል። እህቲቱ ቦንድ ሸጣ ሕንፃ ትገዛለች፤ ለወንድሟ ታከራያለች፤ ወንድም ከድጎማው ይከፍላታል፤ እሷ ዕዳዋን ትከፍላለች። እስቲ አሁን ጣሪያው አፈሰሰ እንበል። ርእሰ መምህሩ «ለተከበሩ አከራያችን፦ ጣሪያዎ ያፈስሳል» ብሎ ይጽፋል። ደብዳቤው ኮሪደሩን አቋርጦ ሦስተኛው በር ጋ ይደርሳል። መልስ ይመጣል፦ «ለተከበሩ ተከራያችን፦ ቅሬታዎ ደርሶናል፤ ጥገናው የኪራይ ጭማሪ ይጠይቃል።» ወንድም ይመልሳል፦ «ድጎማው ጣሪያ አለው።» እህት ትመልሳለች፦ «የእኛም ነበረው።» የማያፈስሰው ጣሪያ የድጎማው ብቻ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። እስከዚያው ባልዲ ይቀመጣል። ባልዲው ሲሞላ የሦስተኛ ክፍል መምህርቷ ብልህ ናትና የውኃ ዑደትን በእሱ ታስተምራለች፤ ልጆቹ በማስመሪያ ይለካሉ፣ ግራፍ ይሠራሉ። ጎብኚ ይመጣል፤ ባልዲውን ፎቶ ያነሣል፤ «በተግባር የተደገፈ ትምህርት» ተብሎ ይሸለማል። በቀጣዩ ዓመት የባልዲ በጀት ይጠየቃል። የጥገና ኮሚቴው ደግሞ ጣሪያው ቢጠገን ሥርዓተ ትምህርቱ ይጓደላል ብሎ ይሰጋል። ታዲያ ሕንፃ አያስተምርም ያለው ማን ነው?

ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ልጆቹ ውጭ አይወጡም። ጂም የለም፤ ምሳም የሚበላው እዚያው ዴስክ ላይ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ ሲቁነጠነጥ «ልጅዎ የባሕርይ ችግር አለበት» የሚል ወረቀት ለእናቱ ይላክላታል። ሌሊት ሆስፒታል ስትጠርግ አድራ የመጣች እናት ያንን ወረቀት በእንቅልፍ ዓይኗ ታነብባለች፤ ልጇን ትቆጣለች። ልጁ ምንም አልሆነም! መሮጫ የነሣችሁት እናንተ ናችሁ። ግብሯን ስትቆርጡ ጂም ለሌለው ልጅ እናት ቅናሽ አላደረጋችሁላትም።

የወረዳ ትምህርት ቤቶች ሰዎች «ለእነሱ የሚሄደው ገንዘብ ከእኛው ነው» ይላሉ። ቅሬታቸው ውኃ ያነሣል፤ በተለይ ክፍሎቻቸው ባዶ እየቀሩ ላሉት። ግን ልጁ የሁለታችሁም ነው፣ ተነጋገሩ እንጂ በእሱ ላይ አትነጋገዱ።

እንደኛ ያልሠለጠኑ ቦታዎችም አሉ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕዝብ ድምፅ፣ ወረዳዎች ለቻርተር ልጆች ከሌሎቹ የሚመጣጠን ክፍል እንዲሰጡ ወሰነች። ኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2014 ለአዳዲስ ቻርተሮች ወይ ቦታ ስጪ ወይ ኪራይ ክፈዪ ተባለች። የዋሆች! ሕንፃ ያስተምራል መስሏቸው ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ለባለ ኮቱ። የእርሶ ልጆች ከከተማ ወጣ ብሎ የዋና ገንዳ ባለው ትምህርት ቤት እንደሚማሩ ሰምተናል። ሕንፃ የማያስተምር ከሆነማ ምንም ስለማይጎድልባቸው፣ ለአንድ ክረምት ብቻ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ እንለዋወጥ። መምህሮቻቸውን ይዘው ይምጡ፤ እኛም የእኛን ይዘን እንሄዳለን። አውቶቡሱን እኛ እንችላለን፤ የዋና ልብሱንም ከወዲሁ መግዛት ጀምረናል።