ዐድዋን ስናስተምር የባልቻን ልጅነት አንዝለል

ስለ ታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ስንጨቃጨቅ ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው። የማን ንጉሥ ስንት ገጽ አገኘ? የማን ሕዝብ ስም ተዘለለ? ከሰማንያ በላይ ብሔረሰቦች ባሉበት አገር ይህ መጠየቁ አይገርምም። በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን ፈልጎ ያጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ ዛሬም አለ። ግን ለየሕዝቡ አንድ አንድ ገጽ ብናድል ነገሩ የሚስተካከል አይመስለኝም። ተማሪው የራሱን ገጽ አንብቦ የሌላውን ይዘለዋል። መምህሩም ሴሚስተሩ ሲያልቅበት ቀድሞ የሚተወው እነዚያኑ ተጨማሪ ገጾች ነው። ብዝኃነትንና አካታችነትን ማስተማር የሚቻለው ሁሉም ተማሪ በሚያውቃቸው፣ ፈተና ላይም በሚመጡት ዋና ትምህርቶች ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዐድዋን እንውሰድ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምን ቀን እንደሆነ የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። የጦር መሪዎቹንም ይቆጥርልሃል። ራስ መኮንን፣ ራስ አሉላ፣ ራስ ሚካኤል፣ ፊታውራሪ ገበየሁ፣ መድፈኛው ባልቻ አባ ነፍሶ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። ባልቻ ምኒልክ ቤት እንዴት ገባ?

ገና ልጅ ሳለ የምኒልክ ጦር በዘመተበት ስፍራ ተማርኮ ነው። እዚያው ተሰልቧል። ያደገው የማረከው ንጉሥ ቤት ውስጥ ነው። ዐድዋ ላይ ስሙን ተከለ፤ በኋላ የሲዳሞና የሐረር ገዥ ሆነ። ጣሊያን ዳግም ሲወር ሽማግሌው ባልቻ ሲዋጋ ሞተ። ትውልዱን ጉራጌ ነው የሚሉ አሉ፤ ኦሮሞ ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ በሁለት ጎራ የምንጮህባቸው ነገሮች፣ የደቡቡ ዘመቻና የዐድዋ ድል፣ በዚህ አንድ ሰው ሕይወት ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም እንዲሁ በጦርነት የተማረከ ልጅ ነበር። የአገሪቱ የጦር ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሰ።

እንዲህ ያለውን ሕይወት ክፍል ውስጥ አንስተን ተማሪዎቹን ብንጠይቃቸውስ? ይህ ሰው ለምን ዘመተ? ታማኝነት ነው? ሌላ መንገድ አልነበረውም? ወይስ ወራሪው ለሁሉም ጠላት ነበር? አንዱን መልስ ብቻ ትክክል የሚል መምህር ጥያቄውን ይገድለዋል። ልጆቹ ይከራከሩበት።

ወላይታንም አስቡ። ከዐድዋ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ የምኒልክ ጦር ወላይታ ዘመተ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተማረኩ። ሶዶ ያለች ተማሪ ይህንን ከአያቷ ሰምታ ነው ክፍል የምትገባው። መምህሯ የዐድዋን ድል ብቻ ተርኮ ከወጣ፣ የቤቷና የትምህርት ቤቷ ታሪክ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ሁለቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማንሳት ድሉን አያሳንሰውም። የዘመተው ሕዝብ ምን ያህል የተለያየ ነገር ተሸክሞ እንደዘመተ ያሳያል እንጂ።

ጎንደርም ሌላ ጥሩ ትምህርት ነው። የፋሲል ግቢን ተማሪ ይጎበኘዋል፤ የነገሥታቱን ተራም ይሸመድዳል። ግንበኞቹስ? በጎንደር ግንብ ከሠሩት ባለሙያዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1668፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ በከተማዋ የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የሙስሊሞቹ ሠፈር አዲስ ዓለም ስሙን ይዞ ዛሬም አለ። የሙያቸው ውጤት በከተማዋ መሀል ቆሞ ሰዎቹ ለብቻ እንዲኖሩ የተደረገበትን ምክንያት መጠየቅ ተራ የታሪክ ጥያቄ ነው። ተማሪውን ከግቢው ወደ ሠፈሮቹ ያወጣዋል።

ነገሩ ያለፈ እንዳይመስለን። ቀጥቃጭን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ሸማኔን፣ ፋቂን ማንቋሸሽ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን ተሻግሮ መጣ። «ቡዳ» የምትባል ልጅ በየትምህርት ቤቱ ግቢ አለች፤ ስድቡን ከምንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። የእናቷ ሙያ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ በክብር ሲነሳ መስማት ይገባታል። የሚሰድባትም ልጅ መስማት አለበት።

ስለ ባርነት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናነበው በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ መሻሩን ነው። የተሸጡት ሰዎች ስም የላቸውም። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ግን ስም አላቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተዳርገው ነጻ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእነሱ ድካም ነው፤ የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነው። አስቴር የሕዝቧን ተረትና ግጥም ከአእምሮዋ እያወጣች እንዲጻፍ አድርጋለች። ይህቺን ሴት የማያውቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ነገር ቀርቶበታል።

መምህራን ለምን ይህን እንደማያነሱ ይገባኛል። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው። ከሁሉም በላይ «ነገር ይመጣብኛል» የሚል ፍርሃት አለ። አንድ ቃል ተቆርጦ ወጥቶ ፌስቡክ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ርዕሰ መምህራንና ወላጆችም መምህሩ ብቻውን እንዳይቀር ከጎኑ መቆም አለባቸው።

«ቁስል አትቆስቁሱ» የሚለውን ምክር ግን አልቀበልም። ልጆቹ ይህን ሁሉ ቲክቶክ ላይ እየሰሙ ነው፤ ያውም ማን እንደተናገረው፣ ከየት እንዳመጣው ሳይጠየቅ። ክፍሉ ሊሰጣቸው የሚችለው ያንን መጠየቅ ነው። ይህን ማን ጻፈው? መቼ? በዓይኑ አይቶ ነው ሰምቶ? የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ፣ የውጭ አገር ተጓዥና የአገር ሽማግሌ አንድን ጦርነት በሦስት መልክ ሲተርኩት ልዩነቱ ከየት መጣ? በዚህ መንገድ የሚለማመድ ተማሪ ጎረቤቱ የሚነግረውን ታሪክ እንደ ስድብ አይሰማውም።

ለዚህ ሁሉ ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መለወጥ አለበት። ፈተናው ዓመተ ምሕረትና ስም ብቻ እየጠየቀ መምህሩን «ልጆቹን አወያይ» ማለት ከንቱ ነው። የምርጫ ጥያቄ መሆኑም አያግድም። ስለ አንድ ክስተት የተጻፉ ሁለት አጫጭር ምንባቦችን ጎን ለጎን አቅርቦ፣ ጸሐፊዎቹ የሚለያዩበትን ነጥብና ማን ስሙ እንዳልተነሳ መጠየቅ ይቻላል። በየዓመቱ ጥቂት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ቢገቡ ይበቃል። ፈተና ላይ የወጣ ነገር በሚቀጥለው ዓመት በየክፍሉ ይጠናል፤ የአጋዥ መጽሐፍ አዘጋጆችም ማንም ሳያዛቸው ያስገቡታል።