«ይቆያል?»

አክስቴ ምግብ ሲቀርብላቸው «ይጣፍጣል» ወይም «አይጣፍጥም» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይቆያል?»

ባለፈው ኬክ ይዤላቸው ሄድኩ። ክሬሙን በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና ጥያቄያቸውን ጠየቁ። «ቢበዛ እስከ ነገ» አልኳቸው። በሀዘኔታ አዩ፤ ኬኩን ሳይሆን እኔን። ለጎረቤት ሲያወሩ ደግሞ «የማያድር ነገር አምጥቶልኝ» አሉ አሉ።

አክስቴ የወሎ ሰው ናቸው። የ77ን ድርቅ በዓይናቸው አይተዋል። ስለሱ አያወሩም፤ ጓዳቸው ነው የሚያወራው። ከበሩ ኋላ ቋንጣ ተንጠልጥሏል፣ ከአልጋው ሥር ዘይት በጀሪካን ተደርድሯል፣ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ድርቆሽ በማዳበሪያ ተቀምጧል። እኛ ማኛ ይሻላል ሰርገኛ እያልን ስንከራከር እሳቸው ጤፍን የሚወዱት ነቀዝ ስለማይደፍረው ነው። የቆጮ ሽታ አይሆንላቸውም ነበር። የጉራጌ ጎረቤታቸው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ዓመት እንደሚከርም የነገሯቸው ዕለት ግን «አዋቂ ሕዝብ!» ብለው ደግመው ቆረሱ።

ጓያን ብቻ አያምኑትም። ዝናብ ሲቀር እሱ አይቀርም፤ ውለታው ግን እንደ አንዳንድ ዘመድ ነው፤ በችግር ቀን ይደርስልሃል፣ አብዝተህ ከተጠጋኸው እግርህን ያሽመደምድሃል።

በዚህ ሁሉ ስስቅ ኖሬ ስኳር ጠፋ የተባለ ሰሞን ሳቄ ቆመ። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈውኛል፤ ሐኪም አዞኝ አይደለም፣ የሠለጠንኩ ለመምሰል ነው። «ጠፋ» ሲባል ግን ምላሴ ዓመፀ። ጣፋጭ ጣፋጭ አለኝ። በማግስቱ ማለዳ ሸማቾች ደጃፍ ፌስታሌን ጨብጬ ተሰልፌያለሁ። ከኋላዬ የመጣው ሰውዬ ቦታውን ከያዘ በኋላ «ወንድሜ፣ ምንድን ነው የሚሰጡት?» አለኝ። ስኳር ነው ስለው «ጥሩ ነው፣ እኔ እንኳ የስኳር በሽተኛ ነኝ» ብሎ ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ።

ሻዬ አሁንም ያለ ስኳር ነው። ስኳሩ አልጋዬ ሥር ነው። ማታ ስልክ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ስኳር ይቆያል?»

ትንሽ ዝም አሉ። የሳቁ መሰለኝ።

«ጉንዳን ካላየው።»