ቤተ መቅደሱ ፈርሷል፤ ሙታን ግን ገና አልተነሱም

በቅርቡ እዚህ ኮዬ ፈጬ ለቅሶ ደርሰን ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሥር በተተከለው የእድር ድንኳን ውስጥ ሁለት የሰፈራችን ወጣቶች በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ይከራከራሉ። አንዱ በስልኩ ሲከታተል የከረመውን ትምህርት ይዞ መጥቷል። «ስለ መጨረሻው ዘመን የተነገረው ሁሉ በ70 እ.ኤ.አ. ተፈጽሟል። ምጽአቱም ትንሣኤውም ያኔ አልፏል» ይላል። ሌላው «ጦርነቱን፣ የመሬት መንቀጥቀጡን አታይም እንዴ? ምልክቱ ሁሉ አሁን ነው!» ይለዋል።

ልጃቸውን የቀበሩት እናት ከጎናቸው ነበሩ።

የመጀመሪያው ልጅ እስከ ግማሽ መንገድ ልክ ነው። ይህን ለመናገር መፍራት የለብንም። ጌታ በደብረ ዘይት ተራራ ያን ሁሉ የተናገረው ስለ ቤተ መቅደሱ ተነሥቶ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀርም አለ። አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ በቲቶ የሚመራው የሮማ ጦር ኢየሩሳሌምን ከበበ። ሕዝቡ በረሃብ አለቀ፣ ቤተ መቅደሱም ተቃጠለ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ እዚያው ሆኖ ያየውን ጽፎታል። ሮም በሚገኘው የቲቶ የድል ቅስት ላይ ወታደሮቹ ባለ ሰባት ቅርንጫፉን መቅረዝ ዘርፈው ሲሄዱ ዛሬም ተቀርጾ ይታያል።

«ይህ ትውልድ አያልፍም» የሚለው ቃል እንዲሁ መሬት አልወደቀም። «በይሁዳ ያሉት ወደ ተራራዎች ይሽሹ» የሚለውንም ልብ በሉ። ዓለም የምታልፍበት ቀን ቢሆን ተራራ ምን ይጠቅማል? ይህ ከጦር ማምለጥ ለሚችል ሰው የተሰጠ ምክር ነው። ሉቃስማ በምዕራፍ 21 ኢየሩሳሌም በጭፍራ ተከባ ስታዩ ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የጻፈው አውሳብዮስ እንደሚለው፣ የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች አስቀድመው ከዮርዳኖስ ማዶ ወደ ጴላ ሄደው ነበር። ትንቢቱ የተነገረው ሰው እንዲተርፍበት ነው።

ሰውን ማሸበሪያ ሲሆን በጣም የሚከፋኝ ለዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቶናል። ሌሊት ልጆቻችንን አቅፈን ደረጃ ለደረጃ ወርደናል። ወዲያው «ቀኑ ደረሰ» የሚል ስብከት ስልካችንን ሞላው። አዋሽና ፈንታሌ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፤ መሬቱ ከጥንትም ይንቀጠቀጣል። ያው ማቴዎስ 24 ደግሞ «አትደንግጡ» ይላል። ይህን ቃል ሳያነቡ ምልክቶቹን ብቻ የሚቆጥሩ ሰባኪዎች ሕዝቡን እየበደሉት ነው።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። እናትየው ቀና አሉና «ታዲያ ልጄ አይነሣም ማለት ነው?» አሉ። «ትንሣኤው አልፏል» ያለው ልጅ መልስ አጣ። ክፉ ልጅ አይደለም። ድንኳኑን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ ያደረው እሱ ነው። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ «ይነሣል እንጂ፣ እህቴ!» አሏቸው።

እኔም ከሽማግሌው ጋር ነኝ። ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት ቤተ መቅደሱ መቼ እንደሚፈርስ ብቻ አይደለም፤ የመምጣቱንና የዓለም መጨረሻውንም ምልክት ጠይቀዋል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት፣ ትንሣኤ ሆኗል እያሉ የሰው እምነት የሚገለብጡትን ሄሜኔዎስንና ፊሊጦስን በስም ጠርቶ ወቅሷል። «እሱ የጻፈው ከ70 በፊት ነዋ፤ ያኔ ገና ነበር» ይሉኛል። ይሁን። በ381 እ.ኤ.አ. ቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶችስ? ኢየሩሳሌም ከወደቀች ሦስት መቶ ዓመት አልፎ ነበር። መውደቋን አሳምረው ያውቃሉ። ሆኖም በጸሎተ ሃይማኖት «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» አሉ። ያለፈ ነገር ተስፋ አይደረግም።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ይህንኑ ማቴዎስ 24ን ታነባለች። በዚያው ቀን ጳውሎስ ሰው ሞቶባቸው ላዘኑት ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 4 ይነበባል። ልጁን በሚመጣው ደብረ ዘይት አብረን እንድናስቀድስ ጠይቄዋለሁ። እሺ ብሎኛል።