ይድረስ ለክቡር ሲስተም፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለገሐር አካባቢ ባለ አንድ ባንክ ውስጥ ተቀምጬ፣ በገንዘብ ማውጫ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። ወረፋዬ 87 ነው። ጠዋት 2:30 ስገባ 41ኛው ሰው ይስተናገድ ነበር። አሁን 5:10 ሆኗል፤ 41ኛው ሰው አሁንም እየተስተናገደ ነው። መታወቂያውን በእጁ እንደያዘ መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ዞር ቢል ተራው የሚያመልጠው ይመስለዋል።

አስቀድሜ ስለ አጠራሬ ይቅርታ። አንተ ልበልዎ ወይስ እርስዎ የሚለው ከራሴ ጋር አከራክሮኛል፤ መልክዎን ያየ የለምና። ነገር ግን በዚህ ከተማ ሥራ ገበታው ላይ ሳይገኝ ሲቀር «ለምን?» የማይባል ሰው ትልቅ ባለሥልጣን ብቻ ስለሆነ፣ በእርስዎ ቀጥያለሁ።

መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በኮምፒውተር ተጽፎ፣ በፕሪንተር ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጓል። ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ለአንድ ቀን መቅረት ወረቀት ላሚኔት የሚያስደርግ ማን ነው?

ከጎኔ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከቤይሩት የላከችላቸውን ገንዘብ ሊያወጡ ነው የመጡት። ቀደም ሲል ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ነበር።

«እማማ፣ ሲስተም የለም» አለቻቸው ልጅቷ በትሕትና።

«ወዴት ሄዶ ነው?»

«አይታወቅም እማማ።»

«ታሞ ይሆን?»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው» አለች።

«እንግዲያማ ስብሰባ ጠርተውት ነው። እጠብቀዋለሁ፤ ሲመጣ ንገሪኝ ልጄ።»

ላርማቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሰርቨር፣ ኔትወርክ፣ በቁፋሮ የተቆረጠ ፋይበር ብዬ ልዘረዝርላቸው ነበር፤ ግን የእሳቸው ማብራሪያ ከአዳራሹ ሁኔታ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ድሮ ጉዳያችንን የሚያጓትተው ጸሐፊ ስምም ፊትም ነበረው። «ነገ ና» ሲለን ልንገላምጠው፣ ልናኮርፈው፣ አለቃው ዘንድ ልንከስሰው እንችል ነበር፤ ካልሆነም የሚያውቀው ሰው ፈልገን በአማላጅ እናለዝበዋለን። እርስዎ የሁሉንም ጥፋት ተሸክመው አይከሰሱም፣ አይገሠጹም፣ ወደ ሌላ ክፍልም አይዛወሩም። ምኒልክ ስልክ ባስገቡ ጊዜ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ነበር ይባላል። ያ ሰይጣን እንኳ ሲያናግሩት ይመልስ ነበር።

የመኪናዬን ነገር ደግሞ ይስሙ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ ቮልስዋገን አለችኝ። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ውሃ አትጠይቅም። ባትሪዋ ሲደክም ሁለት ጎረምሶች ገፋ ካደረጓት በሁለተኛ ማርሽ ትነሣለች። ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ማደያ ገባሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ቀርቷልና ስልኬን አውጥቼ ከፈልኩ። ገንዘቡ ከሒሳቤ ወጣ፤ ቀጂው ዘንድ ግን አልደረሰም።

«ታዲያ የት ነው ያለው?» ብለው፣

«መንገድ ላይ ነው» አለኝ።

ከእኔ ስልክ እስከ እሱ ስልክ አንድ ክንድ አይሞላም። በዚህች ጎዳና ላይ ብሬ አርባ ደቂቃ ተጓዘ። ከኋላዬ የተሰለፉት ባለታክሲዎች በክላክስ ያወረዱብኝን እርግማን ለእርስዎ አድራሻ ባገኝ ኖሮ እንዳለ እልክልዎ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቮልሷን እየገፋሁ ሳር ቤት እደርስ ነበር።

በበነጋው ክሊኒክ ሄድኩ። የደም ምርመራ ውጤቴ ወጥቷል፣ ግን ያለው ሲስተም ውስጥ ነው አሉኝ። ከገዛ ክንዴ የተቀዳ ደም እርስዎ ዘንድ ገብቶ እኔ እንዳላየው ተከለከልኩ። እስከዚያው ነርሷ ግፊቴን ልትለካልኝ ተነሣች፤ ያ በእጅ የሚነፋው መለኪያ መቼም የትም አይሄድ። 160 በ100።

«የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስምዎን ነገርኳት። ካርዴ ላይ አልጻፈችውም።

ሲኖሩ ጎበዝ መሆንዎን አልክድም። ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ደሴ ላለው ወንድሜ ገንዘብ የላክሁት በእርስዎ ነው። በ1898 የመጀመሪያው ባንክ እዚህ ከተማ ሲከፈት ግን ሒሳቡ የሚያዘው በመዝገብና በቀለም ነበር። እርስዎ ሲመጡ መዝገቡን አስወጡት፣ ቀለሙን ደፉት፤ ሲቀሩ የሚተካዎ አንድ ሰው አላዘጋጁም። በአገራችን ወጉ ራቅ ወዳለ ቦታ የሚሄድ ሰው ውክልና ይሰጣል። ለአንድ መዝገብና ለአንድ እስክሪብቶ ቢወክሉልን ምን ነበረበት? ቴምብሩን እኛ እንገዛለን።

ይህን በመጻፍ ላይ ሳለሁ ልጅቷ «መጣ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። 41ኛው ሰው መታወቂያውን ወደ ውስጥ ወረወረ። እናትየውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሰላም ሊሉዎ ወደ በሩ ዞሩ።

«ሄደ» አለች ልጅቷ።

«እንዴ! በየት በኩል?» አሉ እናትየው።

አክባሪዎ፣
ወረፋ ቁጥር 87

ማስታወሻ፦ እናትየው 6 ሰዓት ሲሆን ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል። ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው ለሁላችንም አደሉን፤ አንድ እፍኝ ደግሞ በወረቀት ጠቅልለው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። «ሲመጣ ስጪው፤ እንዲህ ሲዞር የሚውል ሰው ምሳም አይበላ» አሉ። ወረቀቱ ላይ ስምዎ ተጽፏል፣ ሲመጡ ይውሰዱ።