ቅጂ ከሆነ ቅጂ ነው ይበሉን

በጎንደር የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች ስለሚሸጡ የስዕል ቅጂዎችና የቤት ማስጌጫዎች የጻፋችሁትን አነበብኩ። ገዢው የሚገዛውን አያውቅም ያላችሁት እውነት ነው፤ በእኔም ደርሷል።

አምና ለእህቴ ቤት ምርቃት በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሣሉት መላእክት ያሉበትን ስዕል ገዛሁ። በእጅ የተሣለ ነው ተባልኩ። ቤት ወስጄ ከመብራት ሥር ሳየው ኅትመት ነው። አንዱ ፊት ተደጋግሞ ሞልቶታል። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው ግን ያውቃል፤ ዓይናቸው ሁሉ ጎላ ጎላ ያለ ቢሆንም የአንዱ መልክ ከሌላው ይለያል። በጣም ነው ያዘንኩት።

ኅትመት መሸጡ ነውር የለውም። ዋጋው ቀለል ይላል፣ ሻንጣ ውስጥም ይገባል። ብቻ ጀርባው ላይ «ኅትመት» ተብሎ፣ ዋናው ስዕል የት እንዳለ ይጻፍበት።

ደግሞ የወለቃን ሸክላ አትርሱት! ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በጎንደር ደባርቅ መንገድ ላይ ነው። ቤተ እስራኤሎች ይኖሩበት የነበረ መንደር ነው። ከዚያ የገዛኋት ትንሽ የሸክላ አንበሳ መደርደሪያዬ ላይ አለች፤ ጋማዋ ላይ የሠሪዋ ጣት ያለፈበት ይታያል። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እሱን ሊያይ የመጣ እንግዳ እንዲህ ያለውን ይዞ ቢመለስ ደስ ይለኛል።