ውዳሴ ለባለ ፒንሳው

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባሉ ሕንፃዎች የሚኖር ሰው ሁሉ ሊያመሰግነው ሲገባ እስካሁን አንድም የምስጋና ወረቀት ያልተሰጠው ባለሙያ ቢኖር፣ ከባሕር ማዶ የመጣን ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ የተሠራበት አገርና የሚፈልገው ቮልቴጅ ምንም ይሁን ምን፣ በአንድ ፒንሳና በግማሽ ጥቅል ናስትሮ ከቤታችን ግድግዳ ጋር የሚያስታርቀው ወንድማችን ነው። እርሱን የምናስታውሰው መብራት ሲጠፋ ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ መብራት ሳለ ላወድሰው ተነሥቻለሁ።

የውለታውን ልክ ለመረዳት ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የምትኖር ልጅ እናቷን ከድካም ላሳርፍ ብላ በኮንቴይነር ከምትልከው ዕቃ መካከል የልብስ ማድረቂያ ማሽን አይጠፋም። አዲስ አበባ ከጥቅምት ጀምሮ ወራት ሙሉ ልብስን በነፃ የምታደርቅ ፀሐይ ያላት ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ አይነሣም፤ ስጦታ አይመረመርም። ማሽኑ ከበስተኋላው ወፍራም ገመድ ይዞ ይመጣል፤ በገመዱ ጫፍ ደግሞ አራት እግር ያለው ወንዴ ሶኬት አለ። የቤታችን ግድግዳ ያለው ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ፈሪና ጀግና የሚለዩት እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

ፈሪው የማሽኑን ጀርባ ዞሮ የተለጠፈበትን ጽሑፍ ያነባል። 120/240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 30 አምፔር የሚል ያገኝና ይደነግጣል። ከዚያም ወደ አሜሪካ ቤት የሚገቡት ሁለቱ የፌዝ (ኃይል የሚያመጡት) ሽቦዎች እያንዳንዳቸው ከኒውትራሉ (ኃይሉ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር 120፣ እርስ በርሳቸው ደግሞ 240 ቮልት እንደሚሰጡ፣ የማሽኑ ማሞቂያ በ240 ሲሠራ ሞተሩና ሰዓቱ ግን 120 ብቻ እንደሚፈልጉ፣ የእኛ ቤት መብራት በአንድ ፌዝና በአንድ ኒውትራል 220 ቮልት ሆኖ በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ፣ እንደሚመጣ አስልቶ፣ “ይህ ዕቃ እዚያው ተሽጦ እዚህ ለ220 የተሠራ ቢገዛ ይሻል ነበር” በማለት ስጦታውን ያረክሳል። ባለ ፒንሳው ግን አያነብም። ፊደል ስለማይለይ አይደለም፤ በሰፈራችን እያነበበ የሚሠራ ሰው ገና ተማሪ ነው ተብሎ ዋጋው ስለሚቀነስበት ነው።

ባሻ ወልዴ ችሎት አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ይህ ጥበብ በተግባር ሲገለጥ ለማየት ታድያለሁ። ባለ ፒንሳው ገና እንደ ደረሰ አራት እግር ያለውን ሶኬት ከነአንገቱ ቆርጦ ለቤቱ ሕፃን መጫወቻ ሰጠው። የገመዱን ላስቲክ በጥርሱ ላጠና አራት ሽቦ አወጣ፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ። የቤቱ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው፣ “ልጄ፣ ይኼ አራት ነው፤ የኛ ቤት እኮ ሁለት ነው ያለው” አሉት።

“ማዘር፣ አይጨነቁ። ፈረንጅ ያበዛዋል።”

ይህን ካለ በኋላ ጥቁሩን ለፌዝ ሰጠ፤ ቀዩንና ነጩን አንድ ላይ ጠምዝዞ ከኒውትራል ጋር አጋባቸው። አረንጓዴውን ወደ ኋላ አጥፎ በናስትሮ ጠቀለለው። አረንጓዴው ወደ ማሽኑ ገላ ያመለጠን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው የምድር ሽቦ ነው፤ ማሽኑ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ መሬት ሩቅ ናት፣ ደግሞስ ከመሬት ጋር ምን ጉዳይ አለን? የቀለሙን ነገር ካነሣን አይቀር፣ ባለ ፒንሳው በቀለም የማያዳላ ሰው መሆኑን መመስከር አለብኝ። ጥቁር በአሜሪካ ሽቦ ፌዝ ነው፤ በድሮው የእንግሊዝ ሽቦ ደግሞ ኒውትራል ነበር፤ በአውሮፓ ሽቦ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል ነው። እርሱ ይህን ሁሉ ልዩነት አሽቀንጥሮ ሁሉንም እኩል ያያል። በመጨረሻ አዲስ ሶኬት ለመግዛት መርካቶ ድረስ መሄድ ገንዘብ ማባከን መሆኑን አስረድቶ፣ የተላጡትን ጫፎች በግድግዳው ቀዳዳዎች ውስጥ ከትቶ፣ እንዳይወጡ በክብሪት እንጨት ወተፋቸው።

ማሽኑም ሠራ። ምቀኞች ይህን አይነግሯችሁም፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሠርቷል። ለ120 ቮልት የተጠመጠመው ሞተር 220 ሲደርሰው እንዲህ ባለ ጉልበት ተነሣ፤ ታች ያሉት ጎረቤቶች የውሃ ታንከር ወደ ግቢው የገባ መስሏቸው ባልዲ ይዘው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ሽታ መጣ። “አዲስ ዕቃ ሲጀምር እንዲህ ነው፤ ፋብሪካው የቀባው ዘይት ነው” ተባለ። ከሽታው ቀጥሎ ጭስ፣ ከጭሱ ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ባለ ፒንሳው ማሽኑን በካቻቢቴ እጀታ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና የምርመራውን ውጤት አሳወቀ፤ “ማዘር፣ ዕቃው ኦሪጅናል አይደለም።” ክፍያውንም ተቀበለ፤ የሠራበት ነውና። ማሽኑ ዛሬ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ውስጥ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኖ ያገለግላል፤ ልብሱ በረንዳ ላይ ይሰጣል።

ትራንስፎርመር የሚባል ነገር አለ ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አይጠፉም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ስለዚህ በ60 ኸርዝ እንዲዞር የተሠራው ሞተር በ50 ሲነዳ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፤ የመስመሩን ኸርዝ እየቆጠረ የሚሄደው የማሽኑ ሰዓትም 60 ደቂቃ የሞላለትን ሰው 72 ደቂቃ ያስጠብቀዋል። ባለ ፒንሳው ታዲያ በየ60 ደቂቃው 12 ደቂቃ በነፃ መጨመር እንደ ጉድለት ለምን እንደሚታይ አይገባውም።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ለደኅንነታችን ያለውን ተቆርቋሪነት ነው። አንዳንድ የአሜሪካ ማድረቂያና ምድጃ ነጩ ሽቦ ከብረት ገላው ጋር ታስሮ ይመጣል፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለአዲስ መስመር አራት ሽቦ ግዴታ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የእኛ ሁለት ክብ እግር ያለው ሶኬት ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። እንግዲህ ዛሬ ኒውትራል የነበረው ሽቦ ነገ ሠራተኛዋ ቤት ስትጠርግ ነቅላ መልሳ ስትሰካው ፌዝ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ 220 ቮልት የማሽኑን ገላ ለብሶ ይቆማል። የነካው ሁሉ “ይነዝራል” እያለ ሲያማርር ባለ ፒንሳው የሚሰጠው መፍትሔ አጭርና ርካሽ ነው፤ ሲሊፐር አድርጋችሁ ንኩት። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ሕፃኑን ይምከር።

ሥራው በዚህ ብቻ ቢያበቃ ተራ ሰው በሆነ ነበር። ከመካከላቸው ሊቃውንቱ፣ የአሜሪካ ዕቃ “ሁለት ፌዝ” እንደሚፈልግ ከአንድ ቦታ የሰሙት፣ ደረጃው ሥር ካለው የሕንፃው ማከፋፈያ ሣጥን ሁለተኛ ፌዝ በጎረቤት ስም ይበደራሉ። የአሜሪካው ሁለት ፌዝ ተደምሮ 240 ነው፤ የእኛ ሁለት ፌዝ ግን ከባለ ሦስት ፌዝ መስመር የሚወጣ ስለሆነ በመካከላቸው 380 ቮልት አለ። ደንበኛው 240 ጠይቆ 380 ይሰጠዋል። ሥጋ ቤት እንኳ በዚህ ዘመን ምራቂ በቀረበት ከተማ ይህን ያህል ምርቃት የሚሰጥ ሌላ ነጋዴ ካለ ጠቁሙኝ።

ብሬከርን በተመለከተ ያለውን ፍልስፍናም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። 5,000 ዋት የተጻፈበት የ240 ቮልት ማሞቂያ በ220 ሲሠራ ወደ 4,200 ዋት ግድም ይወርዳል፤ ያም ሆኖ 19 አምፔር ይስባል። የግድግዳው ሶኬት የተሠራው ቢበዛ ለ16 ነው። ሌላ ምጣድ፣ ሌላ የውሃ ማሞቂያ በዚያው መስመር ላይ ሲጨመር ብሬከሩ መውረድ ይጀምራል። ፈሪዎቹ፣ ብሬከሩ የሚወርደው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቀጭን ሽቦ እንዳይቃጠል ነው፣ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ መዘርጋት አለበት ይላሉ። ባለ ፒንሳው ብሬከሩን እንደ ሰነፍ ዘበኛ አባሮ፣ በቦታው ከመርካቶ ያመጣውን ባለ 63 አምፔር ይተክላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚወርድ ነገር የለም። ጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እያለው እኛ በ16 አምፔር የምንወሰንበት ምክንያት ምንድን ነው? ግድግዳው ትንሽ ይሞቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይህንን የሚጠላ ሰው አላየሁም።

ይህ ሁሉ ግን ለመለማመጃ ነበር ማለት ይቻላል፤ ባለ ፒንሳውን እውነተኛው ዘመኑ ያገኘው አሁን ነው። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሕንፃዎቻችን ግቢ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ አብዛኛው ከቻይና የመጣ ነው። ቮልቱ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን አብሮት የሚመጣው ቻርጀር ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ሶኬት ይዞ ይመጣል፣ እግሮቹም ወደ እኛ ክብ ቀዳዳ አይገቡም። ሶኬቱ ይቆረጣል፤ ገመዱ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ፣ በተሰጣው ልብስ መካከል አልፎ፣ በዲቫይደር ላይ ዲቫይደር እየተቀጣጠለ ግቢ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲመጣ መገጣጠሚያው በፌስታል ይሸፈናል። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ለሰዓታት ከባድ ጭነት የሚሸከመው ያ ቀጭን ገመድ ጠዋት ሲነኩት ለብ ይላል፤ ባለ መኪናው ይህንን “ኃይል ያለው መብራት ነው” ብሎ ይተረጉመዋል።

ችግሩ አንዳንዱ ቻርጀር እንደ ልብስ ማድረቂያው ገራገር አለመሆኑ ነው። ምድር ሽቦ መኖሩን ራሱ ይፈትሽና ካጣ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ባለ ፒንሳው ለዚህ ግትርነት መድኃኒት አለው፤ ሶኬቱን ከፍቶ ኒውትራሉንና የምድር ሽቦውን መግቢያ በአንዲት አጭር ሽቦ ያገናኛቸዋል። ቻርጀሩ ምድር ያገኘ ይመስለውና አረንጓዴ ያበራል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከቆጣሪው ጀምሮ የሆነ ቦታ ላይ ቢላቀቅ የፌዙ ኃይል በዚያችው አጭር ሽቦ ዞሮ ወደ መኪናው ገላ እንደሚወጣ የሚያሳስቡ አሉ፤ ባለ መኪናው ግን ጠዋት ባትሪው 100 መሙላቱን አይቶ በሕንፃው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የባለ ፒንሳውን ስልክ ቁጥር ከነምስጋናው ለጥፏል። ወረፋው አሁን እስከ ሚቀጥለው ወር ድረስ ተይዟል፤ ከተመዘገቡት መካከል አንድ ጎልማሳ ብቻ የምድር ሽቦ የሚታሰርበት ዘንግ ግቢው ውስጥ ይቀበር እንደ ሆነ በመጠየቃቸው፣ ሥራ የሚያጓትት ጥያቄ ነው ተብሎ ተራቸው ለሌላ ተሰጥቶባቸዋል።